የጓዳው ተአቅቦ

እንጀራዬ ትርጉም ነው። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ስብሰባ ሲኖራቸው እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ በገጽ ይከፈለኛል። ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ከጠረጴዛዬ ያልጠፋ ወረቀት ቢኖር የሴቶች እኩልነት ወረቀት ነው። ኮንቬንሽን፣ ፕሮቶኮል፣ የጋራ መግለጫ፣ የድርጊት መርሐ ግብር፣ የአፈጻጸም ሪፖርት፣ ደግሞ የሪፖርቱ ሪፖርት። «ማብቃት»፣ «ማካተት»፣ «ማረጋገጥ» የሚሉትን ቃላት ስንት ጊዜ እንደጻፍኳቸው እግዜር ይወቅ። ልጆቼን ያስተማርኩት በእነሱ ነውና ላማቸው አልችልም።

ቤቴ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ነው፤ ጎፋ። ከኛ ሰፈር ሳር ቤትን አልፎ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቅርብ ነው። ሕንፃው በጥር 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ያረፈበት መሬት ድሮ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው ወህኒ ቤት የነበረበት ነው። በየዓመቱ መሪዎቹ ሲመጡ መንገድ ይዘጋል፤ እኛም ታክሲ አጥተን በእግራችን እናዘግማለን። «ዛሬ ደግሞ ምን ሊወስኑ ነው?» ይላል ወያላው። ምን እንደሚወስኑ እኔ ብዙውን ጊዜ አውቃለሁ፤ ውሎ አድሮ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣልና።

የሰፈራችን ስም ራሱ ታሪክ አለው። ከጣልያን ወረራ በፊት፣ ያለ ሽቦ በአየር ላይ መልእክት የሚያሻግረውን መሣሪያ ያዩ አባቶቻችን «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ ስሙም በሰፈሩ ቀረ። በዚያው ዘመን፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ጣልያን ጦሯን ድንበር ላይ ስታከማች እቴጌ መነን በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ንግግር አድርገው ነበር። መንግሥታት ተስማምተው ወራሪን እንዲያስቆሙ ከኢትዮጵያ ሴት የተላከ ጥሪ መሆኑ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር የሰጠውን መልስ እናውቀዋለን። ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጁን ግን ተወው። ቃል በነፋስ ሄደ፣ በነፋስ ቀረ።

ይኼን ያነሳሁት ለወሬ ማሟያ አይደለም። በአየር የሚሄድ ቃል መድረሱ የሚታወቀው ጓዳ ገብቶ ሲሰማ ነው ብዬ ስለማምን ነው። የኔን ጓዳ ላሳያችሁ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም መገባደጃ ላይ፣ እቤት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ ስለ ዘላቂ የልማት ግቦች የሚያወራ ሰነድ እተረጉማለሁ። አምስተኛው ግብ የፆታ እኩልነት ነው። በሥሩ ያለው አራተኛ ነጥብ ክፍያ ስለማይታሰብለት የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ይናገራል። መንግሥታት ሥራውን ዕውቅና ይስጡት፣ በአገልግሎትና በማኅበራዊ ጥበቃ ይደግፉት፣ ቤተሰብም ይካፈለው ይላል። ታዲያ «የእንክብካቤ ሥራ» የሚለው አልጥም አለኝ። አያቴ ብትሰማው የማይገባት አማርኛ ነው። ቤት ሠራተኛችን ቡና ይዛ ስትመጣ ጠራኋት።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ነይ። ልብስ ማጠብ፣ ወጥ መሥራት፣ ልጅ ማዘል፣ የታመመ ማስታመም፣ ይኼን ሁሉ ጠቅልለሽ በአንድ ቃል ምን ትይዋለሽ?»

እጇን በሽርጧ እየጠራረገች አሰብ አደረገችና «ሥራ ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሄደችም፤ የጠራኋት ጊዜ ተመችቷት ኖሮ የልቧን አወጣች። «ጋሼ፣ የማታ ትምህርት ልመዝገብ ብዬ ነበር። ለእትዬ መንገር ፈርቼ ነው። ስድስተኛን ጨርሻለሁ፤ ሰባተኛ ይቀበሉኛል።»

እኔም ስለ ሴቶች ትምህርት አሥር ጊዜ የጻፍኩበትን እስክሪብቶ እንደያዝኩ «እስቲ እናያለን» አልኳት።

«እናያለን» ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። እምቢም እሺም ያልሆነች ቃል ናት። በየስብሰባው ሰነድ ውስጥ እህቶቿ ሞልተዋል፤ «እንደየአገሩ ነባራዊ ሁኔታ»፣ «አቅም በፈቀደ መጠን»፣ «ደረጃ በደረጃ»። ስተረጉማቸው እንደ ባዶ ቃል አያቸው ነበር። ራሴ ስናገራት ግን ምን ያህል እንደምታገለግል ገባኝ። እምቢ ያለ ሰው ይጠየቃል፤ እናያለን ያለን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ወሩ አለፈ። ጥቅምት መጣ። የዚያን ዓመት ጥቅምት ታስታውሱታላችሁ። ጥቅምት 6 ቀን ከ20 የሚኒስትርነት ቦታዎች ግማሹ ለሴቶች ተሰጠ። ጥቅምት 15 ቀን ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ጥቅምት 22 ቀን ደግሞ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ባለቤቴ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ፕሬዚዳንቷ ንግግር ሲያደርጉ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ እልል አለች። ልጄም አብራት። ከልቤ ደስ አለኝ፤ አሁንም ያን ደስታ አልሰርዘውም። ልጅቷ ረከቦቱን እያነሳች ስክሪኑን አየት አደረገችና «እሰይ» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ «ጋሼ፣ የዚያች የትምህርቷ ነገርስ?»

እነሆ፣ ከዚህች ጥያቄ የተነሳ ነው ይኼን የምጽፈው።

አገሮች ስምምነት ሲፈርሙ «ይህችኛዋን አንቀጽ ግን አልቀበልም» ብለው የሚያስመዘግቡት ነገር አለ። በሕግ አማርኛ «ተአቅቦ» ይባላል። በሴቶች ላይ የሚደረግ ማናቸውንም ልዩነት ለማስወገድ የወጣውን ስምምነት፣ ሲዳው የሚባለውን፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የተቀበለው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ያፀደቀችው ጳጉሜን 5 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ነበር። ሌሎች አገሮች ስለ ጋብቻና ስለ ቤተሰብ በሚናገረው 16ኛ አንቀጽ ላይ ሲያንገራግሩ እኛ ምንም አላልንም። ያስመዘገብነው ተአቅቦ አንድ ሲሆን እሱም አገሮች በስምምነቱ ላይ ቢጣሉ በግልግልና በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ስለመዳኘት በሚያወራው 29ኛ አንቀጽ ላይ ነው። ወረቀቱን ያየ ሰው ከኢትዮጵያ ወዲያ የተሟላ ፈራሚ የለም ሊል ይችላል።

ይሁንና በዚያች ዋዜማ አገር ውስጥ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች፣ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ትታዘዘዋለች ይላል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚድንበትን ቀዳዳ ከፍቶ ይጠብቀዋል። ስምምነቱና ሕጉ 19 ዓመት ያህል አንድ ጣሪያ ሥር፣ ሳይነጋገሩ ኖሩ። ላልተጻፈ ተአቅቦ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። መንግሥት እጁን ጄኔቭና ኒው ዮርክ ላይ አወጣ፤ ጓዳው ግን አልሰማም።

አሁን «ታዲያ ይኼ ሁሉ ስብሰባ ከንቱ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጎፋ ካለችው ቡና ቤት የማይጠፉ አንድ ጎረቤቴ «ፈረንጅ በአበል ያመጣብን ጣጣ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ወረቀቱ ሲሠራም አይቻለሁ። ሕገ መንግሥቱ ከነ35ኛ አንቀጹ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የቤጂንግ ጉባኤ ተከፈተ። 189 መንግሥታት ተሰብስበው ነበር፤ ጉባኤው በኛ አቆጣጠር አሮጌውን ዓመት ይዞ ገብቶ በአዲሱ ዓመት መስከረም 4 ተፈጸመ። በዚያው 1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቋመ። እነዚያ ሴቶች የፈረንጅ ቃል አልደገሙም። «መንግሥት ሆይ፣ ፈርመሃል» ብለው በራሱ ፊርማ ሞገቱት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜ 18 ሆነ፣ የባል ራስነትም ቀረ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለጠላፊው የተከፈተው ቀዳዳ ተደፈነ፣ የሴት ልጅ ግርዛትም ወንጀል ተባለ። ስለዚህ መንግሥታት መስማማታቸው ዋጋ የሚያገኘው አገር ውስጥ ይዞት የሚሟገት ሰው ሲኖር ነው። ያ ሰው ከሌለ ስምምነቱ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

ለዚህም ምስክር ልጥራ። የአፍሪካ ሴቶች መብት ፕሮቶኮል ማፑቶ ላይ የፀደቀው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1996ቱ ክረምት፣ የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ስለ ፆታ እኩልነት የጋራ መግለጫ አወጡ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን ፈርማለች፤ ያፀደቀችው ግን ከ14 ዓመት በኋላ በ2010 ዓ.ም.፣ ከነተአቅቦዎቿ ነው። እንግዳውን ተቀብሎ፣ ምግብ አቅርቦ፣ ራሱ ሳይቀምስ እስከ ማታ የቆየ አስተናጋጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ስሟን አልጠቅስም፤ እዚህ የማወጣው የኔን ገመና እንጂ የሷን አይደለም። ከደቡብ ጎንደር የመጣች ናት። ሳሪስ አካባቢ ያለ ደላላ ነው ያመጣልን። ተያዥ ጠይቀናት አቀረበች። እኛ ለሷ ያቀረብነው ምንም ወረቀት አልነበረም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ትነሳለች፤ እራት ተበልቶ ዕቃ ታጥቦ ስትተኛ ምሽት 4 ሰዓት ነው። 17 ሰዓት። ለምሳዋና ቁጭ ለምትልባት ሦስት ሰዓት ልቀንስ፤ 14 ቀረ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ትመጣለች እንጂ ዕረፍት የሚባል ቀን የላትም። 14 በ7 ሲባዛ 98 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአንድ ሠራተኛ በሳምንት የሚፈቅደው 48 ሰዓት ነው። እጥፉ 96 ነው። የኔ ቤት ከእጥፉም በሁለት ሰዓት ይበልጣል። ይኼን ሒሳብ ስሠራ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ባለቤቴ እንዳታየው ይሁን እኔው እንዳላየው እንጃ።

ታዲያ ሕግ ጣስኩ ወይ? አልጣስኩም! ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ «የግል አገልግሎት» ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ አውጥቶ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል አለ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መጣ። የወሊድ ፈቃዱን ከ90 ቀን ወደ 120 አሳደገ፤ ደግ አደረገ። የቤት ሠራተኛን ነገር ግን እንደገና «በደንብ ይወሰናል» ብሎ አለፈው። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ያ ደንብ አልወጣም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞችን ስምምነት፣ 189ኛውን፣ ሲያፀድቅ መንግሥታት እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ ኢትዮጵያ እስከ 2016 ዓ.ም. አላፀደቀችውም። ልጅቷን የሚያውቃት ሕግ ያው የ1952ቱ ነው፤ ከአሠሪ ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ጤናና ዕረፍት ጥቂት አንቀጾች አሉት። ጎፋ ውስጥ ያንን ገልጦ ያነበበ አሠሪ ካለ እጄን ልስጥ።

ያም ዓመት እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር ልብ በሉልኝ። በጥቅምት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴት ሆነ፤ በዓመቱ ማብቂያ ያንኑ ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ተብሎ የሚጠበቅባት ሴት እንደተጠበቀች ቀረች። ሚኒስትሮቹን ለመውቀስ አይደለም። እነሱም ጠዋት ከቤት ሲወጡ ልጃቸውን የምትይዝላቸው ሴት ሳትኖር አትቀርም። የኛ እኩልነት የቆመው እዚያ ላይ ነው። ባለቤቴ ባንክ ውስጥ ስታድግ እኔ ሳህን ማጠብ አልጀመርኩም። ሥራው ከባለቤቴ ትከሻ ወርዶ ወደ ሌላ ሴት ትከሻ፣ ያውም ወደ ድሃዋ፣ ተሻገረ። በመሃል ወንዱ፣ ማለትም እኔ፣ ጋዜጣዬን ሳላጥፍ እንደተቀመጥኩ ነኝ። በየሰነዱ «ቤተሰብ ይካፈለው» የሚለውን የተረጎምኩት እኔው ነኝ። ጥፋቱ የ«እትዬ» ነው የሚል ወንድ አንባቢ ካለ፣ መጀመሪያ ትናንት ማታ የበላበትን ሳህን ማን እንዳጠበው ይንገረኝ።

ጥቅምት ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ «ለመሆኑ ለምን ቸኮልሽ?» አልኳት።

«አረብ አገር ልሄድ ነው፣ ጋሼ። በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ስምንተኛ ክፍል ይጠይቃል።»

እውነቷን ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ አረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ ነበር። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች፤ ቦሌ ላይ ባዶ እጃቸውን ሲወርዱ አይተናል። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ። ከተቀባይ አገሮች ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ካልተፈረመ ሠራተኛ አይላክም አለ። በዚያ ጊዜ አዋጁ 18 ዓመት የሞላት፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘች ትሂድ ይል ነበር። ቪዛዋን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቷንና መድኗን አሠሪው ይቻል፤ ውሏም ሚኒስቴር ዘንድ ቀርቦ ይጽደቅ ብሎ ነበር። ከሳዑዲ፣ ከኳታርና ከዮርዳኖስ ጋር ፊርማ ተደረገ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሳ። ይኸው መንግሥታት ስለ ሴት መተባበራቸው ነው፤ ያውም ስለዚችው ስለኛዋ ሴት።

ልመክራት ሞከርኩ። ፓስፖርት የሚቀሙትን፣ ከፎቅ የወደቁትን፣ ደሞዝ የተከለከሉትን ነገርኳት። በ«ከፋላ» ሥርዓት ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ መንቀሳቀስ እንደማትችልም አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለች፤

«እዚያ እኮ ውል አለው፣ ጋሼ።»

መልስ አልነበረኝም። ውሉ እንደማይከበር ልነግራት እችላለሁ። የኔ ቤት ውል ግን የሚጣስ እንኳ የለውም። መንግሥታችን ሪያድ ላለችው ሠራተኛ የዕረፍት ቀንና ደሞዝ ይደራደራል፤ ጎፋ ላለችው አይደራደርም። ለምን ቢባል፣ ሪያድ ላይ አሠሪው ባዕድ ነው። ጎፋ ላይ አሠሪው እኔ ነኝ፤ ጋዜጣ አንባቢው፣ ባለሥልጣኑ፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዋ። በሰው ቤት ላይ መፈረም ቀላል ነው።

ዓለም አቀፍ ስምምነት ጓዳችን ሲገባ ይኼ የመጀመሪያው አይደለም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ነው። ለመግባት ቃል ከገባችው አንዱ ባርነትን ማጥፋት ነበር። በዚያው ዓመት አዋጅ ወጣ። ያኔም መኳንንቱ «ቤቱን ማን ሊይዘው ነው? ማን ይፈጭ፣ ማን ውሃ ይቅዳ?» ሳይሉ አልቀሩም። ጣልያን ደግሞ ያንኑ የባርነት ጉዳይ ለወረራዋ ሰበብ አደረገችው፤ የባዕድ ደግነት ሁልጊዜ ደግነት አለመሆኑን ያኔ ተምረናል። ነገር ግን ሰበበኛ ስለተጠቀመበት እውነቱ ውሸት አልሆነም። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን በሕግ ጨርሶ የሻረው የራሳችን መንግሥት ነው። የቤት ሠራተኛን ከባሪያ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ ይቺ ልጅ ደሞዝ አላት፣ መሄድም ትችላለች። የማመሳስለው ሰበባችንን ነው። «ቤቱን ማን ይይዘዋል» የምትለዋ ቃል መቶ ዓመት ኖራ አንድም ፀጉር አልሸበተችም።

ሌላው ሰበብ ገንዘብ ነው። «ሕጉ ከመጣ ደሞዟን ማን ይችላል? መካከለኛው ሰው ሊቀጥር አይችልም፤ ልጆቹም ሥራ አጥተው ጎዳና ይወጣሉ» ይሉኛል ያ ጎረቤቴ። የኑሮውን ውድነት እኔም እኖረዋለሁ፤ ጤፍ ስንት እንደገባ አታስታውሱኝ። ግን አንድ ቀን ዕረፍት ስንት ብር ያስወጣል? በደብተር ላይ የሚጻፍ ውል ስንት ነው? እሁድ እኔ ሳህን ባጥብ ከኪሴ ምን ይወጣል? ገንዘብ የሚጠይቀው ክፍል የመንግሥትም ድርሻ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ጥቂቶቹ አቋቋሙ። ማቆያው በየሰፈሩ ቢኖር የኛ ቤት 98 ሰዓት ባልሆነ ነበር። ስለ «እንክብካቤ ሥራ» የተስማሙት መንግሥታት መተባበር ከፈለጉ ከወርክሾፑ አበል ላይ ቀንሰው ጎፋና ጀሞ ላይ ማቆያ ይክፈቱ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚደርስን ጥቃት ለማስቆም እዚያው ሕንፃ ውስጥ አዲስ ስምምነት ተቀብለዋል። እሰየው። የቤጂንጉም ቃል 30 ዓመት ሞልቶታል። እኔ ግን ከአዲሱ ሰነድ ይልቅ ከ1996ቱ አዋጅ ጀምሮ ቃል የተገባው ያ ደንብ ወጥቶ ብተረጉመው እመርጣለሁ። በነጻ እተረጉመዋለሁ።

ምን እንዳደረግን ልንገራችሁና ላብቃ። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሌሊት ተከራከርን። በመጨረሻ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ ውል ጻፍኩ፤ ደሞዝ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ትምህርት፣ እሁድ ሙሉ ዕረፍት። ሦስታችንም ፈረምን። የእሁዱ ምሳና የማታው ሳህን የኔ ሆነ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ፤ ልጆቼ ሳቁብኝ። ትምህርት ቤቱም ዘግይታ ቢሆንም ተቀበላት። በሁለት ዓመት ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪዋን አልፋ፣ ሠርተፊኬቷን ይዛ፣ ያለችውን አደረገች፤ ሄደች። እንድትቀር ለመንናት። «ትምህርቱን እኮ የጀመርኩት ለዚሁ ነው» አለችን። ልቀየማት አልቻልኩም። ለአንዲት ልጅ የተከፈተ በር አገሩን አይለውጠውም፤ አንድ ደጋግ ቤተሰብ የሕግን ቦታ አይሞላም።

አልፎ አልፎ በኢሞ ትደውላለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ የነፋስ ስልክ ነውና። ደሞዟን ይከፍሏታል፣ ዓርብ ዓርብ ግማሽ ቀን ታርፋለች፤ ስልኳን ግን ማታ ብቻ ነው የሚሰጧት። «ውሉ ላይ ስለ ስልክ ምንም አልተጻፈማ» ብላ ሳቀች። ባለፈው ስትደውል እሁድ ነበር።

«ጋሼ፣ አዲሷ ልጅ እሁድ ታርፋለች?»

«ታርፋለች» አልኳት።

እንግዳ ስለነበረብን ጓዳ ውስጥ ሳህን ይንኳኳ ነበር። የሚያጥበው እኔ እንዳልሆንኩ ከድምፄ ታውቃለች። ምንም አላለችም። ስልኩ ሲዘጋ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ።